አንጀቴ ቅቤ የጠጣበት ክረምት

ሐኪሙ «ደም ብዛት አለብዎት፤ ከዛሬ ጀምሮ አይቆጡ» ሲለኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እሱኑ መቆጣት ነበር። ጨው ይቀንሱ አለኝ፤ እሺ አልኩ። ቅባት ይቀንሱ አለኝ፤ እሱን ቀበሌው አስቀድሞ ቀንሶልኛል። ቁጣ ይቀንሱ ሲለኝ ግን «የደብረ ታቦርን ክረምት ሰው ሳይቆጣ በምን እንደሚሞቅ ንገረኝ» አልኩት። ገና ልጅ ነው፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው።

ቁጡ መሆኔን እኔም አልክድም። ብክድም አይሆንልኝም፤ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ በሂስ ቀርቦ፣ በጭብጨባ ጸድቋል።

ነገሩ የሆነው በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ነው። ያን ጊዜ የማንሰበሰብበት ቀን ካለ የነገው ስብሰባ ሁለት እጥፍ ይረዝማል ማለት ነበር። ጓድ ይርጋ የሚባል ካድሬ ነበረን፤ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ረዥም። ያን ቀን ስለ ዓለም ወዛደሮች ሲያወራ ቆይቶ፣ የስንቱ ሰው አንገት በእንቅልፍ ከተሰበረ በኋላ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እንዲህ ሲል ጥያቄ የለም በሉ ማለቱ እንደሆነ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ምላሴ ግን አታውቅም። ተነሳሁና «ጓድ፣ ስኳር ካየን ሰነበትን። እሱም እንደ ንጉሡ ከሥልጣን ወርዶ ነው?» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ፤ እኔ ከኋላዬ ካሉት ሴቶች ጋር ስስቅ ስለነበር ለምን እንደተቆረጠ አላየሁም። ዞር ስል ጓድ ይርጋ መነጽሩን አውልቆ በእጁ ይዞታል። «ጓድ ትርንጎ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

አፌን ሳልከፍት የሴቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር አሰለፈች ከፊት ወንበሯ ብድግ አለች። አሰለፈች ማለት አብራኝ ያደገች፣ በአንድ ሰሞን የተዳርን፣ የበኩር ልጄን ስወልድ ወገቤን የያዘችኝ ጓደኛዬ ናት። ልትደርስልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

«ጓድ ይርጋ፣ ሂስ አለኝ» አለች። «ይህቺ ሴት ቁጡ ናት። ዶሮዋን ትቆጣለች። ዝናቡን ትቆጣለች። ባለፈው ፍልሰታ የገዛ ጫማዋን ስትቆጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ‹አንተ ከሃዲ› ነው ያለችው። ስኳር ቢመጣ በጨው ታማርራለች። የጎደላት የፖለቲካ ንቃት አይደለም፤ ጸባይ ነው።»

ይህን ጊዜ አዳራሹ የሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጓድ ይርጋም ሳቀ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩና በሕዝብ ፊት ቆሜ «አዎ፣ ጫማዬን ተቆጥቻለሁ፤ ለወደፊቱ አርማለሁ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ወጥቼ በርበሬዬን ስዘረጋ ሸማቹ ከዋጋው በፊት «እሜቴ፣ ጫማው ዛሬ እንዴት አደረ?» ይለኝ ጀመር።

ጫማውን መቆጣቴ እውነት ነው። ማሠሪያው ቤተ ክርስቲያን መንገድ ላይ፣ ጭቃ መሃል ነው የተበጠሰው። ግን ያን ጊዜ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። የጓዳዬን አዳራሽ አወጣችው። በዚያ ቀን ተቃጥዬ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያም በኋላ አንዲት ቃል አልተነፈስኩላትም።

ችግሩ የልደታ ጽዋችን ነው። እኔም እሷም የልደታ ማኅበርተኞች ነን፤ ወር በገባ በአንደኛው ቀን በየተራ በየቤታችን እንጠጣለን። የተጣላ ሰው ደግሞ ከአንድ ጽዋ አይቀምስም፤ የነፍስ አባታችን አባ ወልደጊዮርጊስ ጽዋውን ሳይከፍቱ «የተኳረፈ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም ከጥር ወዲህ ዘዴ አበጀን። አንዱን ወር እኔ ታመምኩ ብዬ እቀራለሁ፣ ሌላውን እሷ ስብሰባ አለብኝ ብላ ትቀራለች። መስከረም አንድ ግን ተረኛዋ እኔ ነኝ። ባለቤት ከገዛ ቤቷ አትቀርም፤ እሷም ከዘመን መለወጫው ጽዋ ከቀረች ከማኅበሩ ወጣች ማለት ነው። አባ ወልደጊዮርጊስ ይህን አስበው ነሐሴ ላይ ጠሩኝና «እስከ እንቁጣጣሽ ካልታረቃችሁ ጽዋውን ከቤትሽ አንስቼ እሄዳለሁ» አሉኝ።

«እሷ ትምጣ» አልኳቸው። «እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክማ ትምጣ፤ ያን ጊዜ ይቅር እላለሁ።»

«እሷስ ምን የምትል ይመስልሻል?»

«ምን ልትል? በዳይ እኮ ናት!»

እውነቱን ለመናገር ናፍቃኝ ነበር። በርበሬ ስቀነጥስ አጠገቤ ተቀምጣ ሰው የምታማልኝ አጣሁ። ናፍቆቱ ሲብስብኝ ቁጣው ይብስብኛል፤ ቁጣው ሲብስብኝ ራሴን ያዞረኛል። ሐኪም ቤት የሄድኩትም በዚሁ ነው።

ሚስተር ናየር የሚባል ህንድ በግቢዬ ይኖር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ከጓሮ ያለችውን ክፍሌን ቀበሌው «ትርፍ ቤት» ብሎ ወሰዳትና እሱን አስገባባት፤ ቤት ወስደው ህንድ ሰጡኝ። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይበላም፤ ሽሮዬን እንደ እሱ የሚያመሰግን ሰው አላየሁም። አባ ወልደጊዮርጊስ ይህን ሲሰሙ «ካለመጠመቁ በቀር ሁሉ ነገሩ ተሟልቷል» አሉ። አማርኛው ይገባል፤ ወንዱንም ሴቱንም ግን «አንተ» ነው የሚለው።

ማለዳ ማለዳ ግቢው ውስጥ ሰሌን ያነጥፍና እግሩን አቆላልፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። አንዳንድ ቀን በአናቱ ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት «ኧረ መምህር! ሰው ምን ይላል?» ብዬ ስጮህ ተዘቅዝቆ እንዳለ «ደህና አደርክ ትርንጎ?» አለኝ። ለተዘቀዘቀ ሰው ደህና ነኝ ማለት ይከብዳል።

ፍልሰታ እንደተፈታ አንድ ቀን ያሰጣሁት በርበሬ ላይ ዝናብ ወረደበት። እንደ ልማዴ ሰማዩን ቀና ብዬ እያየሁ የሚባለውን ሁሉ አልኩ። ሚስተር ናየር በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማኝ ቆየና «ትርንጎ፣ ዝናቡ አይሰማህም። የምትሰማው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ነገሩ ገባኝና ይበልጥ ተናደድኩ። ሐኪሙ ያለኝን ነገርኩት። «ና፣ ተቀመጥ። ዮጋ አስተምርሃለሁ። ቁጣ አትከልክል፤ እስትንፋስ ብቻ ተመልከት» አለ።

እኔ የካህን ልጅ ነኝ፤ ዘው ብዬ አልገባም። አባ ወልደጊዮርጊስን ጠርቼ አሳየኋቸው። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ህንዱን ዙሪያውን ዞረው አዩት። ጎንበስ አለ፣ ግንባሩን ምድር አስነካ፣ እዚያው ቀረ። «ስግደት ጀምሮ የረሳው ይመስላል» አሉ። ከዚያ እኔን ምን እንደሚያስደርገኝ ጠየቁኝ። ዓይንን ጨፍኖ፣ አፍን ዘግቶ መቀመጥ ነው አልኳቸው።

«አፍን ዘግቶ?»

«አዎ አባ።»

«ልጄ፣ ዝም ማለት ለሌላው ምን እንደሆነ አላውቅም። ለአንቺ ግን ንስሐ ነው፤ ዛሬውኑ ጀምሪ።»

ጀመርኩ። ጎረቤቴ ወርቅነሽ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጬ ብታየኝ ሞታለች ብላ መጣች፤ መኖሬን ስታይ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ሌሎቹም የሰፈሩ ሴቶች ተከተሉ። «ተንፍስ። ያዝ። ልቀቅ። አሁን የት ነህ?» ይላል ሚስተር ናየር። «እዚሁ ነን፣ የት እንሄዳለን?» እንላለን። «አይደለህም። ገበያ ነህ። ሊጡ ጋ ነህ። እዚህ ና» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔ ብዙ ጊዜ ገበያ ነበርኩ።

አንድ ቀን ስለ አዲሱ ዓመት አነሳ። «ሁሉ ሰው ለአዲስ ዓመት ይህን አደርጋለሁ ብሎ ያቅዳል። አያደርገውም» አለ። «አንተ አታቅድ። ምን እንዲሰማህ እንደምትፈልግ ምረጥ። ከዚያ ዛሬ፣ አሁን፣ እዚህ ቁጭ ብለህ ይሰማህ። ዓመቱ ተከትሎ ይመጣል።»

ይሄ ደስ አለኝ። ዕቅዱንማ ጠቅልሎ ቀበሌው ወስዶታል፤ ስሜታችንን ነው የተወልን።

ግን እንደ መናገሩ ቀላል አልሆነም። በእኛ አገር ሰው ምን እንደሚሰማው አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም አይናገርም፣ ሆድ ይፍጀው ይላል። «ምን እንዲሰማህ ትፈልጋለህ?» ሲላቸው አንዷ «ገብሱን ውርጭ እንዳይመታው» አለች። «ይህ ገብስ ነው። ስሜት ንገረኝ» አላት። ሌላዋ «ላሜ ጊደር እንድትወልድ» አለች። «ይህ ላም ነው።» ወርቅነሽን ዞሮ «አንተስ ምን ይሰማሃል?» ቢላት «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጆቹም ከብቶቹም ደህና ናቸው» አለችው። ሲነዘንዛት ጊዜ አሰበችና «ጉልበቴ እንዳይሰማኝ» አለች። ሚስተር ናየርም «ይሁን፣ እሱም ስሜት ነው» አላት።

እኔ አላመነታሁም። «አንጀቴ ቅቤ እንዲጠጣ» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ለእሱ እርካታ ማለት ነው ብለው አስረዱት። «በጣም ጥሩ! እንግዲህ ዓይን ጨፍን። አንጀትህ ቅቤ ሲጠጣ የምታየው ምንድነው? ለእኔ አትንገረኝ። ብቻ እየው» አለኝ።

ጨፈንኩ። ወዲያው አሰለፈች በደጄ ስትገባ አየኋት። አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች፤ ጎንበስ ብላለች፤ ያቺ የማኅበር ካኪ ቀሚሷ ጭቃ ጠጥታለች። «ይቅርታ ትርንጎዬ» ትላለች። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ዝም እላለሁ። አልቸኩልም። ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ሙቀት ወጣኝ፤ ትከሻዬ ወረደ፤ ፊቴ ፈካ። «እዩት! ትርንጎን እዩት!» አለ ሚስተር ናየር። «ሰላም ማለት ይህ ነው!»

ከዚያ ቀን ወዲያ ማለዳን መናፈቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያሸከምኳት መጅ የሚያህል ድንጋይ ነበር። በማግስቱ ትንሽ መሰለኝና ወፍጮ አደረግሁት። ቆይቼ የሰፈሩን ሰው ግራና ቀኝ አቆምኩ። ከዚያ ዝናብ ጨመርኩበት። ጫማዋም እንዲበጠስ አደረግሁ። ጳጉሜ ሲገባ አሰለፈች ከሩቁ ከጣራ ገዳም ጀምራ ዳገቱን ሁሉ ድንጋይ ተሸክማ ትመጣ ነበር፤ እኔም ደጄ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ ስትቀርብ ደግሞ ወደ መጣሽበት ተመለሽና እንደገና ነይ እላታለሁ። ሚስተር ናየር ለሌሎቹ ምሳሌ አደረገኝ። «እንደ ትርንጎ ሁኑ» ይላል።

ሐኪም ቤት ተመልሼ ስሄድ ያ ልጅ ሐኪም ክንዴን አሥሮ ለካ። ፈታና እንደገና አሥሮ ለካ። «ወርዷል! ምን መድኃኒት ወሰዱ?» አለኝ።

«ድንጋይ» አልኩት።

የሰው ወሬ እግር አለው፤ ጳጉሜ እንደገባ ሴቶች ያለ ፈቃድ በእኔ ግቢ ይሰበሰባሉ ተብሎ ቀበሌው ዘንድ ደረሰ። አንድ ማለዳ ዓይናችንን ስንገልጥ አሰለፈች ካኪዋን ለብሳ ፊታችን ቆማለች። ድንጋይ አልያዘችም። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ያለ ድንጋይ ሳያት ግራ ገባኝ፣ አንገቷም በጣም ቀጭን መሰለኝ።

«ወርቅነሽ፣» አለች እኔን ሳታይ፣ «ለሴትዮዋ ንገሪያት። ይህን ስብሰባ ማን ፈቀደው በያት።»

ወርቅነሽ በመካከላችን ነው የተቀመጠችው፤ ሁለታችንም ብንዘረጋ እጃችን ይነካካል። ወደ እኔ ዞራ «ማን ፈቀደው ትላለች» አለችኝ።

«ስብሰባ አይደለም፣ ማንም አይናገርም በያት።»

«ስብሰባ አይደለም፣ ማንም አይናገርም ትላለች።»

«እሷ የማትናገርበት ቦታ ካለማ እውነትም አይቼ ነው የማምነው በያት።»

ሚስተር ናየር የሚሆነው ስላልገባው ደስ ብሎት «አዲስ ተማሪ! ና፣ ተቀመጥ» አላትና ከወርቅነሽ ማዶ ሰሌን አነጠፈላት። ለመቆጣጠር ነው የተቀመጥኩት አለች። በማግስቱም ለመቆጣጠር መጣች። ቀበሌ ስትጠየቅ «ለጤና የሚደረግ ስፖርት ነው፤ ሰፊው ሕዝብ ጤነኛ መሆን አለበት» ብላ እንዳሳለፈችው ኋላ ሰማሁ። እኔ ግን ይብስ ተቃጠልኩ፤ እሷ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ስትተነፍስ እየሰማሁ ድንጋዩን ማሸከም አቃተኝ። ገና ከጣራ ገዳም ሳስነሳት ታስላለች። ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷን ያማታል፤ ጤናዳም በማር አፍልቼ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ማን አጠጥቷት? እንዲህ እያሰብኩ ደግሞ ድንጋዩ ይወድቅብኛል።

የጳጉሜ የመጨረሻዋ ዕለት ዝናቡ አባርቶ ግቢው ጭቃ ብቻ ነበር። ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ጠላው ደርሷል፣ በጉ ታስሯል፣ እኔና አሰለፈች አልታረቅንም። ሌሊቱን ሙሉ አባ ጽዋውን ይዘው ከደጄ ሲወጡ ነው በዓይነ ሕሊናዬ የታየኝ።

«ዛሬ ሁሉ ሰው የመረጠውን ስሜት ጮክ ብሎ ይናገር» አለ ሚስተር ናየር። «ዓይን ግን አይገለጥ።»

«ጉልበቴ እንዳይሰማኝ» አለች ወርቅነሽ። ሌሎቹም አሉ። ተራው አሰለፈች ዘንድ ደረሰ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁት።

«መፍራት ሰልችቶኛል» አለች።

ዓይኔን ገለጥኩ፤ ሁሉም ገልጦ ነበር። አሰለፈች እኮ ጅብ በዱላ ያባረረች ሴት ናት! እሷ ብቻ እንደጨፈነች ነው፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል።

«ወርቅነሽ፣ ለሴትዮዋ ንገሪያት» አለች። «ጓድ ይርጋ ተዛውሯል። ትናንት ጓዙን ጭኖ ሄደ።»

«ይርጋ ተዛውሯል ትላለች» አለችኝ ወርቅነሽ።

«ያን ቀን ስለ ስኳሩ ስትናገር፣ እሷ ወደ ኋላ ዞራ ስትስቅ፣ ይርጋ መነጽሩን ሲያወልቅ እኔ አይቻለሁ በያት። መነጽሩን አውልቆ ‹ምን ማለትሽ ነው› ያለው ሰው ማታ ቤቱ አያድርም። የጎረቤታችንን የማሬን ባል እንደዚሁ ብሎ ነው የወሰደው። እስከ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።»

ወርቅነሽ ይህንንም አስተላለፈች፤ ድምጿ ግን ቀንሷል።

«ምን ልበል? አብዮቱን ትወዳለች ብል ማን ያምነኛል? ቁጡ ናት አልኩ። ዶሮና ጫማ የምትቆጣ ሴት ንጉሥ አትመልስም። እንዲስቅ ነው የፈለግሁት። ሳቀ። ሲስቅ ጊዜ መነጽሩን መልሶ አደረገው በያት።»

ወርቅነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ሲስቅ ጊዜ…» አለችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ማልቀስ ጀመረች። አስተላላፊ አጣን።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ። ከጥር ወዲህ ለእሷ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ብነግርሽ ዝም ትያለሽ? በማግስቱ ገበያ መሃል ‹አሰለፈች ባትኖር ኖሮ› እያልሽ ትለፈልፊያለሽ፤ ሁለታችንም እንገባለን። አንቺ አፍሽን የምትዘጊው ስታኮርፊ ብቻ ነው። አኩርፋ ትኑርልኝ አልኩ። ይርጋም ስንኳረፍ አየና አመነ።»

እንግዲህ ያን ሁሉ ማለዳ የሳልኩትን ሥዕል ፈለግሁት፤ ጠፋ። አፈርኩ። ስንት ቀን ነው ይህቺን ሴት ዳገት ያስወጣኋት? እሷ በውኗ ከድንጋይ የከበደ ተሸክማ ብቻዋን ስትፈራ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ወፍጮ ስመርጥላት! ብድግ አልኩ።

«ትርንጎ፣ ተቀመጥ። ይህን ስሜት ተመልከተው» አለ ሚስተር ናየር።

«መምህር፣ አንቱ ይመልከቱልኝ፤ እኔ ሥራ አለብኝ» አልኩና ወደ ግቢዬ ካብ ሄድኩ። ድንጋይ የምሸከመው እኔ ነኝ። ለእሷ ትልቅ ትልቁን ስመርጥ ከርሜ ለራሴ ትንሽ ማንሣት ነውር መሰለኝና ከታች ያለውን፣ ካቡን የያዘውን ቋጥኝ ጨብጬ ሳብኩት።

«ተይ! ወገብሽ!» አለች አሰለፈች።

ወገቤስ ደህና ነበር፤ ካቡ ነው የሄደው። እየተንኳኳ ግማሹ ተናደ። ከካቡ ማዶ የታሰረው የእንቁጣጣሽ በግ ደነገጠና ካስማውን ነቅሎ፣ በፈረሰው በኩል ዘሎ ገባ። ሚስተር ናየር እግሩን ቆላልፎ ስለነበር ሊነሣ አልቻለም፤ በጉ በላዩ ላይ አለፈ። በበሩ ወጥቶም መንገዱን ይዞ ቁልቁል ነጎደ።

ድንጋዩን ጣልኩና ተከተልኩት። አሰለፈች ካኪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከጎኔ ትሮጣለች።

«በዚያ በኩል ቅደሚው!» አልኳት። «በዚያ! በዚያ አልኩሽ እኮ! ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው? ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ተቀምጠሽ እግርሽ ተበላሸ? ያዥው ገመዱን! ኧረ ገመዱን!»

«አንቺው ያዥው! ካቡን ማን አፈረሰው?» ትለኛለች።

ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያያል። የተዋሕዶ አምላክ ይርዳሽ የሚለኝ አለ፤ ጫማሽ እንዳይበጠስ የሚለኝ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አሰለፈች ገመዱን ረገጠች፣ እኔ በጉ ላይ ወደቅሁ፣ እሷ እኔ ላይ ወደቀች። ሦስታችንም ጭቃ ውስጥ ነን። ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊቷ ከስቷል፣ ሽበቷ ጨምሯል፣ ትስላለች። ያን ጊዜ ነው ቁጣዬ በሙሉ የመጣው።

«አንቺ ደረቅ!» ብዬ ጮህኩባት። «ይህን ሁሉ ወር ብቻሽን እንዴት ትፈሪያለሽ? ለማን ብለሽ ነው? በዓይን ብትጠቅሽኝ አይገባኝም? ድንጋይ ነኝ? ሳልሽን ያዥው ደግሞ! ጤናዳምስ ጠጥተሻል? አልጠጣሽም! ማን ያጠጣሻል? ሞተሽ ቢሆንስ ኖሮ፣ እኔ አኩርፌ እቀር ነበር?» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ስጮህ አለቅሳለሁ፤ እሷም በጉን አቅፋ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ደሜ የት እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቀው።

በነጋታው እንቁጣጣሽ ቤቴ ሞላ። ሚስተር ናየር የበጉን ኮቴ ጀርባው ላይ ይዞ ጥግ ተቀምጧል። አባ ወልደጊዮርጊስ ጸሎቱን አድርሰው፣ የጽዋውን ክዳን በእጃቸው እንደያዙ እኔንና አሰለፈችን አዩን። ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው፤ ያጠጣኋት ጤናዳም ገና አፏ ላይ ይሸታል።

«ታርቃችኋል?» አሉ።

«ታርቀናል አባ።»

«ሽማግሌ ማን ነበር?»

«ሽማግሌ አልነበረም።»

«ድንጋዩንስ ማን ተሸከመ?»

ማንም። ተያየን። አባ ክዳኑን እንደያዙ ናቸው። «ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ድንጋይ የተደረገ እርቅ ለይምሰል እንዳልሆነ እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ልመልስ አፌን ስከፍት አሰለፈች ክንዴን ያዘችኝ።

«አባ፣» አለች አሰለፈች፣ «ትናንት ስትጮህብኝ አልሰሙም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባ ወልደጊዮርጊስ፤ ክዳኑን አንሥተውም ጽዋውን በእጄ ሰጡኝ፤ እኔም ለእሷ አቀበልኳት።